የኮሌጅ ባስኬት ተጫዋች ኤንቢኤ ድራፍት ላይ ይመረጣል ወይስ አይመረጥም? ራሳችሁ የምትገመግሙበት ዝርዝር መመሪያ

አደም ሞሪሰን በ2006 ለጎንዛጋ በጨዋታ 28.1 ነጥብ፣ ስቴፈን ከሪ በ2009 ለዴቪድሰን 28.6፣ ጂመር ፍሬዴት በ2011 ለቢዋይዩ 28.9 (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሶስቱም በየአመታቸው የአሜሪካን ኮሌጅ ባስኬት በነጥብ የመሩ ልጆች ናቸው። ድራፍት ላይ (የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ቀን) ሞሪሰን 3ኛ ተመረጠ፣ ከሪ 7ኛ፣ ፍሬዴት 10ኛ። ከሪ ምን እንደሆነ አለም ያውቀዋል፣ ሁለቱ ግን ጥቂት አመት ተንከራተው ከሊጉ ወጡ። እንግዲህ በጨዋታ የሚያገባውን ነጥብ ብቻ አይቶ «ይሄ ልጅ ስታር ነው» የሚል ሰው እነዚህን ሶስት ልጆች መለየት አይችልም ማለት ነው፣ ይሄ ጽሁፍ ደግሞ ለመለየት ምን ምን እንደሚታይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ፣ የምትጠይቁት ጥያቄ «ልጁ ጎበዝ ነው ወይ?» አይደለም። ኮሌጅ ላይ የሚጫወት ሁሉ ጎበዝ ነው። ጥያቄው «ኤንቢኤ ላይ ምን ስራ ይሰራል? ያንን ስራ አሁን እዛ ካለው ሰው የተሻለ የሚሰራበት ምን አለው?» ነው። ከታች ያለው በሙሉ ወደዚህ ጥያቄ ነው የሚመለሰው።

ስቴፕ 1፦ ሁለቱን ጥያቄ ለይታችሁ ያዙ

«ይመረጣል ወይ?» እና «ኤንቢኤ ላይ ይቆያል ወይ?» አንድ አይደሉም። ፍሬድ ቫንቭሊት ከዊቺታ ስቴት በ2016 ማንም አልመረጠውም፣ ከሶስት አመት በኋላ ከቶሮንቶ ጋር ዋንጫ በላ። ኦስቲን ሪቭስም በ2021 ሳይመረጥ ነው ሌከርስ የገባው። በተቃራኒው አንቶኒ ቤኔት ከዩኤንኤልቪ በ2013 አንደኛ ሆኖ ተመርጦ አራት ሲዝን ሳይሞላ የሚፈልገው አጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ገበያው ነው፣ ማለትም ቡድኖች ምን ይፈልጋሉ፣ ምን ያህል ቦታ አለ፣ ልጁ ሜይ ላይ ምን አሳየ። ሁለተኛው ስለ ልጁ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ስትቀላቅሉ ነው ጭቅጭቅ የሚበዛው፣ አንዱ ስለ ድራፍት ቀን ያወራል ሌላው ስለ አምስት አመት በኋላ ያወራል።

ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። ድራፍቱ ሁለት ዙር፣ ሲሞላ 60 ስም ነው፣ ያውም በቅጣት ምክንያት ይጎድላል፣ 2025 ላይ 59 ነበር። ከዛ ላይ የአውሮፓና የአውስትራሊያ ልጆች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በ2023 ዌምባንያማ በ2024 ሪሳሼ፣ ሁለት አመት ተከታትሎ አንደኛው ተመራጭ ፈረንሳይ ሊግ ላይ የተጫወተ ልጅ ነበር፣ ኮሌጅ ደጅ ሳይረግጡ ማለት ነው። የአሜሪካ አንደኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ደግሞ ከ350 በላይ ቡድን አለ። ስለዚህ መነሻችሁ «አይመረጥም» ይሁን፣ «ይመረጣል» የሚለውን ልጁ ራሱ ያሳምናችሁ።

ስቴፕ 2፦ የልደት ቀኑን እዩ

ብዙ ሰው «ፍሬሽማን (አንደኛ አመት) ነው፣ ሲኒየር (አራተኛ አመት) ነው» ብሎ ያልፋል፣ እናንተ ግን የተወለደበትን ቀን ፈልጉ። ህጉ ራሱ በዕድሜ ነው የሚሰራው፣ አሜሪካ የተማረ ልጅ ድራፍቱ ባለበት አመት 19 መሙላት አለበት፣ የእሱ የሁለተኛ ደረጃ ክፍልም ከተመረቀ አንድ አመት ያለፈው መሆን አለበት። ኩፐር ፍላግ ዲሴምበር 2006 ነው የተወለደው፣ ስለዚህ በ2025 ሲመረጥ ገና 18 አመቱ ነበር፣ ያንን ሲዝን በዱክ 19.2 ነጥብ፣ 7.5 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ 4.2 አሲስት (ነጥብ የሆነ ፓስ) ሲያስመዘግብ የሚጫወተው 22 እና 23 አመት ከሞላቸው ጎረምሶች ጋር ነው። ያው ቁጥር በ23 አመት ልጅ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ በ18 አመት ልጅ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኦስካር ሺብዌን እዩ። ከኮንጎ ሉቡምባሺ የመጣ ልጅ፣ በ2022 ለኬንታኪ በጨዋታ 17.4 ነጥብና 15.1 ሪባውንድ ይዞ የአመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተባለ። 15 ሪባውንድ እኮ ነው! በሚቀጥለው አመት ተመለሰ፣ በ2023 ድራፍት ገባ፣ 58ቱም ቦታ ሲጠራ ስሙ የለም። በዛ ጊዜ 23 አመቱ ነበር፣ ለሴንተር (ቅርጫቱ ስር ለሚጫወት ረጅም ሰው) አጭር፣ ከሩቅ የማይሹት፣ ፔሪሜትር ላይ (የሶስት ነጥብ መስመሩ አካባቢ) ጋርድ (ኳስ የሚያንቀሳቅስ ፈጣን ተጫዋች) ሲያጋጥመው እግሩ የሚዘገይ። ቡድኖቹ ልጁን ሰነፍ ነው አላሉም፣ «ይሄ የሚሰራውን ስራ እኛ ጋ በዚህ ቁመት የሚሰራ ሰው አንፈልግም» ነው ያሉት።

ዕድሜ ግን ሁሉንም አይወስንም፣ ይሄንንም እንዳትረሱ። ዴሚየን ሊላርድ ከዌበር ስቴት አራት አመት ቆይቶ ነው በ2012 6ኛ የተመረጠው። ጄለን ብራንሰን ከቪላኖቫ ሶስት አመት ቆይቶ ሁለት ዋንጫ በልቶ 33ኛ ወረደ፣ ዛሬ ሲታይ ያ ውርደት የቡድኖቹ ነው። ትልቅ ልጅ ሲሆን የምትጠይቁት «ያድጋል ወይ?» ሳይሆን «ነገ ጠዋት ሜዳ ቢገባ ይሰራል ወይ?» ነው።

ስቴፕ 3፦ ቁመቱን በጫማ አትለኩ፣ ክንዱን እዩ

የኮሌጅ ዌብሳይት ላይ የተጻፈ ቁመት ላይ አትመኑ፣ በጫማ ነው፣ አንዳንዴም በጫማና በአሰልጣኙ ምኞት ነው። ትክክለኛው ልክ የሚወጣው ሜይ ላይ ቺካጎ በሚደረገው ኮምባይን ነው። ባዶ እግር ቁመት፣ ክብደት፣ ክንድ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት (ዊንግስፓን ነው ሁሉም የሚለው)፣ ቆሞ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚደርስበት፣ ዝላይ፣ ሩጫ፣ ሁሉም ይለካል፣ ቁጥሩንም ኤንቢኤ በነጻ ያወጣዋል።

ክንድ ለምን? ሪባውንድ የሚነጠቀው፣ ሹት የሚበላሸው፣ ፓስ የሚቋረጠው በራስ ቅል ሳይሆን በእጅ ስለሆነ። ካዋይ ሌናርድ ከሳንዲያጎ ስቴት ሲወጣ ክንዱ 221 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፣ ድሬይመንድ ግሪን ለፎርዋርድ አጭር ነው ተብሎ በ2012 35ኛ የወረደ ልጅ ክንዱ 216 ገደማ ነው። ጄለን ዊሊያምስ ደግሞ ከሁሉም ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ሳንታ ክላራ የምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ሶስት አመት የተጫወተ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ፣ በ2022 ኮምባይን ላይ ባዶ እግሩን 194 ሴንቲ ገደማ ሆኖ ክንዱ 219 ወጣ፣ እዛው ጨዋታ ላይም አሳየ፣ ኦክላሆማ 12ኛ ወሰደው፣ በ2025 ዋንጫ አነሳ።

ጎረቤታችንንም ላንሳ፣ የደቡብ ሱዳኑ ካማን ማሉዋች፣ ኡጋንዳ ያደገ፣ ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ አልፎ ዱክ የገባ። ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ሪሙ (የቅርጫቱ ቀለበት) ጋ ለመድረስ 10 ሴንቲ ገደማ ነው የሚቀረው፣ ሳይዘል ማለት ነው። በጨዋታ 8.6 ነጥብ ብቻ ነው ያገባው፣ በ2025 ግን 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ነጥብ ብቻ የሚያይ ሰው ይሄ አይገባውም፣ ቡድኖቹ ግን የሚያዩት ስራውን ነው፣ ሪም መጠበቅና ከላይ የተወረወረለትን መድፈቅ። ለዛ ስራ የሚያስፈልገው ደግሞ በሙሉ አለው።

ዝላይና የጡንቻ ቴስት ላይ ግን ብዙ አትቆዩ። ኬቨን ዱራንት በ2007 ኮምባይን ላይ 84 ኪሎዋን ብረት አንድ ጊዜ እንኳን ማንሳት አቅቶት ተሳቀበት። ከዛስ? ከዛማ ታውቁታላችሁ።

ስቴፕ 4፦ ስታቱን አንብቡ፣ ግን በቅደም ተከተል

ይሄ ረጅሙ ክፍል ነው፣ ቡና ያዙ። ቁጥሮቹን በነጻ የምታገኙት ስፖርትስ ሪፈረንስና ባርት ቶርቪክ የሚባሉ ዌብሳይቶች ላይ ነው፣ ኬንፖም በክፍያ ነው ለጀማሪ ግን የግድ አይደለም።

*መጀመሪያ ፍሪ ትሮው።* አዎ፣ ከሶስት ነጥብ በፊት። የኮሌጅ ሲዝን ከ30 እስከ 40 ጨዋታ ነው፣ አንድ ልጅ 100 እና 150 ሶስት ነጥብ ቢሞክር ነው፣ በዛ ትንሽ ቁጥር ላይ እድል ብዙ ይጫወታል። ፍሪ ትሮው ግን ማንም ሳይነካው ከአንድ ቦታ የሚወረወር ስለሆነ የእጁን እውነት ያሳያል። ታይሪስ ማክሲን እንውሰድ። በ2020 ኬንታኪ እያለ ከሶስት ነጥብ 113 ሞክሮ 33 ነው ያገባው፣ 29.2 በመቶ፣ «ሹት የለውም» ተባለ፣ 21ኛ ወርዶ ፊላደልፊያ አገኘው። ግን ፍሪ ትሮው 83.3 በመቶ ነበር። አሁን ሂሳቡን ስሩት፣ ሲዝኑን በሙሉ ስምንት ኳስ ብቻ ቢጨመርለት፣ በአራት ጨዋታ አንድ ኳስ ገደማ ማለት ነው፣ 41 ከ113 ይሆናል፣ 36.3 በመቶ፣ ያኔ «ጥሩ ሹተር ነው» ይባል ነበር። በስምንት ኳስ ነው የልጁ ስም የተቀየረው። በ2023 ሲዝን ኤንቢኤ ላይ ከሶስት ነጥብ 43 በመቶ አለፈ።

ተቃራኒውም አለ። ሎንዞ ቦል በ2017 ዩሲኤልኤ ላይ ከሶስት ነጥብ 41.2 በመቶ ነበር፣ ፍሪ ትሮው ግን 67.3። ሌከርስ 2ኛ መረጠው፣ የመጀመሪያው አመት ሶስት ነጥቡ 30.5 በመቶ ሆነ፣ ፍሪ ትሮው ደግሞ 45.1፣ ይሄን ሳይ አሁንም ያሳዝነኛል። በኋላ የሹቱን ፎርም ቀይሮ አስተካክሎታል፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። የኔ ልምድ፦ ፍሪ ትሮው ከ80 በላይ ከሆነ ሶስት ነጥቡ ዝቅ ቢልም ተስፋ አልቆርጥም፣ ከ70 በታች ከሆነ ሶስት ነጥቡ 40 ቢሆንም አላምንም።

መስመሩም እንደሚርቅ አትርሱ፣ ኮሌጅ 6.75 ሜትር ነው ኤንቢኤ ፊት ለፊት 7.24። ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ እግሩ መስመሩን ነክቶ ነው የሚወረውረው ወይስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ ነው የሚለውን እዩ።

*ቀጥሎ ትሩ ሹቲንግ።* ነጥቡን ለማግባት ምን ያህል ኳስ አባከነ የሚለው ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የሞከረውን ሹት ሁሉ ውሰዱ፣ የፍሪ ትሮው ሙከራውን በ0.44 አባዝታችሁ ደምሩ፣ ድምሩን በ2 አባዙ፣ ነጥቡን በዛ አካፍሉ። አንዱ ልጅ 18 ሹት እና 4 ፍሪ ትሮው ሞክሮ 20 ነጥብ ቢያገባ፦ 4 በ0.44 ሲባዛ 1.76፣ ከ18 ጋ 19.76፣ በሁለት 39.52፣ 20 ለዛ ሲካፈል 50.6 በመቶ። ሌላው 10 ሹትና 4 ፍሪ ትሮው ሞክሮ 15 ቢያገባ 63.8 በመቶ ይወጣል። ሃይላይቱ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው፣ ኤንቢኤ ውስጥ ስራ የሚያገኘው ግን ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ቡድኑ ውስጥ 18 ሹት የሚፈቀድለት ሰው ቀድሞውኑ አለ፣ በ40 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥሮ።

*ከዛ ስቲልና ብሎክ (ኳስ መንጠቅና ሹት ማክሸፍ)።* ይሄ የሚገርመው ነው፣ ከነጥብ ይልቅ ስቲልና ብሎክ ስለ ልጁ ብዙ ይናገራሉ። የእጅ ፍጥነት፣ ክንድ፣ ጨዋታውን ቀድሞ ማንበብ፣ ሶስቱም አንድ ላይ የሚታዩበት ቁጥር ነው፣ በዛ ላይ አሰልጣኝ ሊደብቀው አይችልም። ከሪ በመጨረሻው የዴቪድሰን አመቱ ከ28.6 ነጥቡ ጋ 5.6 አሲስትና 2.5 ስቲል ነበረው። ታይሪስ ሃሊበርተን በ2020 አይዋ ስቴት ላይ 15.2 ነጥብ ብቻ፣ ግን 6.5 አሲስትና 2.5 ስቲል፣ ፍሪ ትሮው 82.2፣ ሹቱ አስቀያሚ ነው ተብሎ 12ኛ ወረደ። ቁጥሩ እኮ እዛው ቁጭ ብሎ ነበር።

*አሲስት ከተርንኦቨር (ኳስ ለተጋጣሚ መስጠት) ጋ።* ለጋርድ ነው ዋናው፣ ለአንድ ተርንኦቨር ሁለት አሲስት ካለው ጥሩ ነው። ለሴንተር ብዙም አትጨነቁበት።

በደቂቃ ማስላትንም እንዳትረሱ። ጆኤል ኢምቢድ በካንሳስ 11.2 ነጥብ ነው ያለው፣ ግን በጨዋታ 23 ደቂቃ ነው የተጫወተው። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፣ ወደ 40 ስታመጡት ወደ 20 ነጥብ ይጠጋል።

ስቴፕ 5፦ ማን ላይ ነው ያገባው? ከማን ጋስ ነው የሚጫወተው?

ኖቬምበር ላይ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ትንንሾቹን ከፍለው ያመጡና 40 ነጥብ በልጠው ይልካሉ፣ እዛ ላይ የተገባ 30 ነጥብ ስታት ያሳብጣል እንጂ ምንም አይናገርም። ባርት ቶርቪክ ላይ ጠንካራ ቡድኖች ላይ የተጫወተውን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፣ ትሩ ሹቲንጉ በብዙ ከወረደ ተጠንቀቁ። ከትንሽ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ ይሄ ግዴታ ነው፣ ጃ ሞራንት ከመሪ ስቴት፣ ሲጄ ማኮለም ከሊሃይ ሲወጡ ቡድኖች የተመለከቱት ትልቅ ቡድን ሲገጥሙ ምን ሆኑ የሚለውን ነው።

የተገላቢጦሽ ችግርም አለ፣ ኬንታኪ ላይ በግልጽ ይታያል። እዛ አምስትና ስድስት የኤንቢኤ እጩ አንድ ሜዳ ላይ ስለሚቆም ኳሱ ለሁሉም አይደርስም። ዴቪን ቡከር በ2015 ከቤንች እየተነሳ 10 ነጥብ ነበር፣ 13ኛ። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በ2018 11ኛ። ባም አዴባዮ በ2017 14ኛ። ማክሲን አይተናል። እኔ በበኩሌ ከእንደዚህ አይነት ቡድን የሚወጣ ልጅ ላይ ግምቴን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን የሚታይ ነገር ተደብቆበት ሊሆን ስለሚችል።

ስቴፕ 6፦ ሙሉ ጨዋታ እዩ፣ ሃይላይት ሳይሆን

ዳታ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሃይላይት ውስጥ ያልገባ ሹት የለም፣ ሁሉም ልጅ ሃይላይት ላይ ማይክል ጆርዳን ነው። ሶስት ሙሉ ጨዋታ ምረጡ፣ አንድ ያሸነፉበት፣ አንድ ጠንካራ ቡድን ጋ የተሸነፉበት፣ አንድ ደግሞ ልጁ ሹቱ እምቢ ያለበት። ሶስተኛው ነው ከሁሉም የሚያስተምረው፣ ሹቱ ሲጠፋ ምን ይሰራል? ይከላከላል? ሪባውንድ ይሄዳል? ወይስ ትከሻውን ጥሎ ዳኛ ላይ ይጮሃል?

ስታዩ ኳሱን አትከተሉ፣ ልጁን ብቻ ተከተሉ። ኳስ ሳይዝ ቆሞ ነው የሚያየው ወይስ ይንቀሳቀሳል? ስክሪን (ቆሞ መንገድ የሚዘጋበት የተጋጣሚ ሰው) ሲመጣበት ከላይ ይዞራል ወይስ እዛው ይሞታል? ሌላ ሰው ሲያመልጥ ለመርዳት አንድ እርምጃ ቀድሞ ይገባል? ድሪብል ሲያደርግ በግራ እጁ ሄዶ መጨረስ ይችላል ወይስ ሁሌ ወደ ቀኝ ይመለሳል?

ለሴንተር አንድ ለብቻው የሚታይ ነገር አለ። ኮሌጅ ላይ ተከላካይ ቀለሙ ውስጥ (ቅርጫቱ ስር ያለው ሳጥን) የፈለገውን ያህል መቆም ይችላል፣ ኤንቢኤ ላይ ግን ማንንም ሳይዝ ከሶስት ሰከንድ በላይ ከቆመ ቅጣት ነው። ስለዚህ ዞን ዲፌንስ ውስጥ ሪም ስር ቆሞ አምስት ብሎክ የሚያደርግ ግዙፍ ልጅ ስታዩ፣ ከዛ ተጎትቶ ወጥቶ ፈጣን ጋርድ ፊት ሲቆም የሚሆነውን ካላያችሁ አልገመገማችሁትም። ሉካ ጋርዛ በ2021 የአመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ 52ኛ የወረደው እዚህ ጋ ነው። ዛክ ኢዲ ደግሞ ሁለት አመት ተከታትሎ ምርጥ ተብሎ፣ ይኸው ጥያቄ እየተነሳበት፣ በ2024 ሜምፊስ 9ኛ ወሰደው፣ ምክንያቱም ቁመቱ ከ220 ሴንቲ በላይ ሲሆን ጥያቄው ራሱ ይቀየራል።

ስቴፕ 7፦ ስራውን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ

አሁን ወረቀት አውጡና «ይሄ ልጅ ኤንቢኤ ላይ በ18 ደቂቃ ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። «ኮርነር ላይ ቆሞ ሶስት ነጥብ ያገባል፣ የተጋጣሚን ትልቁን ዊንግ (የክንፍ ተጫዋች) ይይዛል» መልስ ነው። «ሪም ይጠብቃል፣ ስክሪን ሰርቶ ይሮጣል» መልስ ነው። «ሁሉን ነገር ትንሽ ትንሽ ይችላል» መልስ አይደለም፣ «ነጥብ ያገባል» ደግሞ ጭራሽ። ሞሪሰንና ፍሬዴት ላይ የተፈጠረው ይሄው ነው፣ ኳሱ ከእጃቸው ሲወሰድ ሌላ የሚሰሩት ስራ አልነበረም፣ መከላከልም አይችሉም ነበር። አረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃታችሁ ልጁ ሁለተኛ ዙር ነው ወይም ከዛ በታች፣ በዚህ ብዙ አልተሳሳትኩም።

ስቴፕ 8፦ ጤናው

ሙሉ የህክምና ወረቀቱን እኛ አናየውም፣ ቡድኖቹ ናቸው የሚያዩት። እኛ የምናየው ስንት ጨዋታ እንዳመለጠው፣ የትኛው አካሉ እንደተጎዳ፣ ተደጋጋሚ ነው ወይ የሚለውን ነው። ጀርባና የእግር አጥንት፣ በተለይ ረጅም ልጅ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ወለምታ በጣም ይለያል። ኢምቢድ ከድራፍቱ ጥቂት ቀን በፊት እግሩ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነው በ2014 3ኛ የተመረጠው፣ ሁለት ሙሉ ሲዝን አልተጫወተም፣ በ2023 ግን ኤምቪፒ (የሊጉ የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ማይክል ፖርተር ጁንየር በጀርባው ምክንያት 14ኛ ወረደ። የሁሉ ቁንጮ ግን ደዋን ብሌር ነው፣ ከፒትስበርግ፣ ሁለቱም ጉልበቱ ውስጥ ዋናው ጅማት የሌለው ልጅ፣ በ2009 37ኛ ወርዶ ሳን አንቶኒዮ ወሰደው፣ ያለ ጅማት ኤንቢኤ ላይ አመታት ተጫወተ። ሀኪም ካልሆናችሁ ስለ ጤና ብዙ አትፈላሰፉ፣ ግምታችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት በቃ።

ስቴፕ 9፦ ገበያውን አንብቡ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስን፣ ይመረጣል ወይ? እዚህ ላይ የልጁ ችሎታ ብቻውን አይበቃም።

ሎተሪው አለ፣ ፕሌይኦፍ ያልገቡት 14 ቡድኖች እንደ ኮንዶሚኒየም እጣ ይወጣላቸዋል፣ በ2025 ከሁሉም ያነሰ ያሸነፉት ሶስቱ አንደኛውን ምርጫ ለማግኘት እያንዳንዳቸው 14 በመቶ እድል ነበራቸው። 2025 ላይ ዳላስ 1.8 በመቶ ብቻ ይዞ አንደኛውን አገኘና ፍላግን ወሰደ፣ ሉካ ዶንቺችን በሸጡ በሶስት ወራቸው! እንደዚህ ሲገለባበጥ ከታች ያለው በሙሉ አብሮ ይገለባበጣል። ሆኖም ከላይ ያሉት ቡድኖች ለቦታ ብለው አይመርጡም፣ ምርጡን ልጅ ነው የሚወስዱት፣ ከ20 በኋላ ግን «እኛ ጋ ምን ይጎድላል» ማለት ይበዛል፣ ስለዚህ ልጃችሁ እዛ አካባቢ ከሆነ ከ20 እስከ 35 ያሉትን ቡድኖች ስም ዝርዝር ከፍታችሁ የእሱን ስራ የሚሰራ ሰው አላቸው ወይ ብላችሁ እዩ።

ሞክ ድራፍቶችን (ማን ስንተኛ እንደሚመረጥ የሚገምቱ ዝርዝሮችን) አንድ በአንድ አትመኑ፣ አቅጣጫቸውን እዩ። አንድ ልጅ ኤፕሪል ላይ 40 አካባቢ ሆኖ ጁን ላይ በሁሉም ዝርዝር 25 ከደረሰ፣ የግል ልምምድ ላይ አንድ ነገር አይተው ነው። ኮምባይን ያልተጠራ ልጅ መመረጥ ይችላል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ብሩን እወቁ፣ ምክንያቱም ልጁ የሚወስነው በብሩ ነው። የመጀመሪያ ዙር ኮንትራት አራት አመት ነው፣ ሁለቱ የተረጋገጠ፣ ሁለቱ በቡድኑ ፍላጎት። ሁለተኛ ዙር ምንም ዋስትና የለም፣ ብዙዎቹ ቱዌይ የሚባለውን ኮንትራት ይዘው በኤንቢኤና ከስሩ ባለው ጂ ሊግ መሃል ይመላለሳሉ። በፊት ልጆቹ ያንን ይመርጡ ነበር፣ አሁን ግን ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ ብር መስራት ተፈቅዶለታል፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። በ2021 ያለ ዕድሜያቸው ድራፍት የተመዘገቡት 353 ነበሩ፣ በ2025 106 ብቻ። ያክሰል ሌንድቦርግ የመጀመሪያ ዙር መጨረሻ ላይ ሲጠበቅ ከድራፍቱ ስሙን አውጥቶ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስለዚህ ከ25 እስከ 60 የምትገምቱት ልጅ ላይ ሁሌ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፣ «ቢመለስ ስንት ያገኛል?» ኮምባይኑ ካለቀ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት ማህበሩ) ወደ ኮሌጅ የሚመለሱበትን በር ይዘጋል፣ እስከዛ ድረስ ዝርዝራችሁን በእርሳስ ጻፉት።

ስቴፕ 10፦ ቁጥር ሳይሆን ደረጃ ስጡ

«23ኛ ይመረጣል» ማለት ቁማር ነው። እኔ በአምስት ደረጃ ነው የምከፍለው፦ ሎተሪ (ከ1 እስከ 14) የተረጋገጠ፣ የመጀመሪያ ዙር፣ በመጀመሪያና በሁለተኛ መሃል የሚዋልል፣ ሁለተኛ ዙር ወይም ቱዌይ፣ የማይመረጥ። ከስሙ ጎን የልደት ቀን፣ ባዶ እግር ቁመትና ክንድ፣ ፍሪ ትሮው፣ ትሩ ሹቲንግ፣ ስቲልና ብሎክ፣ ያቺን አንድ አረፍተ ነገር፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ስጋታችሁን በሶስት ቃል። «ሹቱ ያጠራጥራል» ወይም «ጀርባው ያሰጋል» ምናምን። ስጋት ያልጻፋችሁበት ልጅ ካለ ወዳችሁታል ማለት ነው፣ እንደገና እዩት።

ሁለተኛ አምድ ጨምሩ፣ «ከአምስት አመት በኋላ» የሚል፣ ስቴፕ 1 ላይ ያልነው ሁለተኛው ጥያቄ። ሁለቱ አምዶች ከተለያዩ ጥሩ ነው፣ አንድ ልጅ «የማይመረጥ» ሆኖ ጎኑ ላይ «ይቆያል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀጣዩ ቫንቭሊት ሊሆን ይችላል፣ ባይሆንም ግን ለምን እንደጻፋችሁት ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ዙር ኢትዮጵያ ላለ ሰው ከለሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምረው፣ ሁለተኛው ዙር በማግስቱ ነው። ሁለተኛው ዙር እንዳለቀ ግን ቲቪውን አትዝጉ፣ ያልተመረጡ ልጆች በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚፈርሙት፣ እንዲያውም 55ኛ ከመመረጥ ሳይመረጡ ቦታ ያለበትን ቡድን ራስ መርጦ መግባት የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ አንዳንድ ኤጀንት ቡድኖቹን «አትምረጡት» ብሎ የሚደውለው ለዚህ ነው። ዝርዝራችሁ ላይ የቀሩት የት እንደፈረሙ ጻፉ፣ ጁላይ ላይ ላስ ቬጋስ ሰመር ሊግ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።